ሃምሳኛዋ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፤ እንግሊዝ አገር፣ ዮርክ ከተማ ባቡር ጣቢያ ቆመናል። ሊድስ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ናት "አንተ የባቡር ሰው ልጅ አይደለህ! ና አንድ ነገር ላሳይህ" ብላ እኔንም፣ አሥራ አምስት ዓመት የሞላትን ልጇንም በመኪናዋ ጭና ያመጣችን። የባቡር ሰው ልጅ መሆኔ እውነት ነው። አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው ድሬዳዋ ምድር ባቡር ጥገና ክፍል፣ ቶርኖ ላይ ቆሞ ነው። እሱ ግን "ጥገና ክፍል" ብሎ አያውቅም፤ እንደ ፈረንሣዮቹ "አቴልየ" ነበር የሚለው። እኛም ቤት ምሳ የሚቋጠረው ለአቴልየ፣ ራት የሚቀርበው ከአቴልየ መልስ ነበር።

ጣቢያው በሰው ግጥም ብሏል። ሕፃን በትከሻ፣ ካሜራ በእጅ፣ ሽማግሌው በከዘራ። መጀመሪያ ጭሱ ታየ፤ ቀጥሎ ፉጨቱ መጣ፤ ከዚያ አንድ አረንጓዴ የብረት ተራራ መሬቱን እያንቀጠቀጠ፣ እንፋሎቱን እየተፋ መጥቶ አጠገባችን ቆመ። ትልልቆቹ መንኮራኩሮች ከሰው ቁመት ይበልጣሉ። ሽታው ደግሞ … ምን ልበላችሁ፣ ያ የትኩስ ዘይት ሽታ የአባቴ ቱታ ሽታ ነው። ቁርጥ እሱ!

ከጎኔ የቆሙ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። እኔም ልቤ ተነክቶ ስለነበር ወሬ ጀመርኩ። "መቼ የተሰራች ናት? ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ትሆን?" አልኳቸው። ሽማግሌው የአክስቴን ልጅ ልጅ በአገጫቸው አመለከቱኝና፣ "ይቺን ልጅ ታያታለህ? ባቡሯ ከእሷ ታንሳለች" አሉኝ።

የቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ። አልቀለዱም።

ነገሩ እንዲህ ነው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ።) አርተር ፔፐርኮርን የሚባል መሐንዲስ ነበር። እሱ የነደፋቸው "ኤ1" የሚባሉ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች በ1948 እና በ1949 ከዶንካስተርና ከዳርሊንግተን ፋብሪካዎች ተሰርተው ወጡ፤ ብዛታቸው 49። ከለንደን ወደ ሰሜን፣ እስከ ስኮትላንድ ድረስ ከባዱን ፈጣን ባቡር የሚጎትቱ ጉልበተኞች ነበሩ። ዕድሜያቸው ግን አጭር ሆነ። ናፍጣ መጣ። ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው እየተጎተቱ ወደ ብረት ቆራጩ ሄዱ። በ1966 የመጨረሻዋ፣ "ሴንት ሙንጎ" የምትባለው፣ ከሥራ ስትወጣ ላድናት ያለ ሰው ነበር፤ ሳይሳካለት ቀረ። እሷም ተቆራረጠች። ከ49ኙ አንድም ለምልክት አልተረፈችም። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1968፣ የእንግሊዝ መንግሥት ባቡር እንፋሎትን ከዋናው መስመር ጨርሶ አሰናበተ።

የሌሎቹ ዕጣ እንዲህ አልከፋም። ዌልስ ውስጥ ባሪ በምትባል የወደብ ከተማ አንድ የውዳቂ ብረት ነጋዴ 297 ሎኮሞቲቮችን ለመቁረጥ ገዝቶ ነበር። ሰውየው ሌላ ሥራ በዝቶበት ሎኮሞቲቮቹን መቁረጡን አዘገየው። እነሱም በባሕሩ ጨው እየዛጉ ዓመታት ቆሙ። የባቡር ወዳጆች ታዲያ ገንዘብ እያዋጡ አንድ በአንድ እየገዙ ከ297ቱ 213ቱን አወጡ። አያችሁ፣ አንዳንዴ ቅርስ የሚተርፈው በጥበብ ሳይሆን በሥራ መጓተት ነው! እኛ አገር ቢሆን ስንቱ ቅርስ በተረፈ ነበር! ከእነዚያ መካከል ግን አንድም የፔፐርኮርን ኤ1 አልነበረችበትም።

በ1990 ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው "የሌለችውን ካልገዛናት እንሥራታ!" አሉ። ሚሊየነሮች አልነበሩም። ብልሃታቸው ዕቁብ ነው የሚመስለው፤ እያንዳንዱ አባል በሳምንት 1 ፓውንድ ከ25 ፔንስ፣ ያኔ የአንድ ብርጭቆ ቢራ ዋጋ ማለት ነው፣ ይከፍላል። የጥንቶቹ ንድፎች አብዛኞቹ እዚያው ዮርክ ባለው ብሔራዊ የባቡር ሙዚየም ተቀምጠው ተገኙ። በ1994 የመጀመሪያው ብረት ተቆረጠ። በ2008 መጀመሪያ ላይ የፔፐርኮርን ባለቤት የነበሩት እመት ዶሮቲ ማዘር በስተርጅናቸው መጥተው የምድጃዋን እሳት ለኮሱ፤ በዚያው ዓመት በጋ በራሷ እንፋሎት ተንቀሳቀሰች። አሥራ ስምንት ዓመትና 3 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ፈጀች። በጥር 2009 መንገደኛ ጭና ከዮርክ ኒውካስል ገባች። ስሟን "ቶርኔዶ" አሏት፤ በ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት በዚህ ስም በሚጠራው አውሮፕላን ለተዋጉት አብራሪዎችና ባልደረቦቻቸው ክብር።

ሙዚየም ውስጥ ቆማ የምትታይ አሻንጉሊት እንዳትመስላችሁ። በታኅሣሥ 2009 በረዶ ጥሎ በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ የኤሌክትሪክ ባቡሮች ቀጥ ሲሉ፣ ሽርሽረኞች ይዛ የነበረችው ቶርኔዶ መሄጃ ያጡ አንድ መቶ ያህል መንገደኞችን ጭና አድርሳለች። በ2017 ለሙከራ ስትነዳ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ በርራለች። በ2018 ደግሞ ሰው ጭና ስትሄድ የውስጥ አካሏ ተሰብሮ መንገድ ላይ ቆማለች። ሕያው ነገር አይደለች? ይታመማል።

ወደ ሊድስ ስንመለስ መኪና ውስጥ ክርክር ተነሳ። የአክስቴ ልጅ ሒሳብ ነው ያጠናችው፤ ነገር ማለስለስ አታውቅም። "ውብ ናት፣ ግን ፎርጅድ ናት" አለች። "በ2008 ተሰርታ የ1948 ነኝ የምትል ባቡር ምን ልትባል ነው? አንድም አሮጌ ብሎን የላትም እኮ። ቦይለሯ በሪቬት ሳይሆን በብየዳ ነው የተሰራው። ኤሌክትሪኩ፣ የደኅንነት መሣሪያው ሁሉ የዛሬ ነው። የውሃ ቋቷን እንኳ ከጥንቷ አስበልጠውታል።"

እኔ ደግሞ የመሰለኝን አልኩ። "ታዲያ 'ፍላይንግ ስኮትስማን' የሚሏትስ? እሷ የ1923 ናት ተብላ ዓለም ያጨበጭብላታል። ቦይለሯ ስንት ጊዜ ተቀይሯል? እነዚህ ነገሮች ጥገና በገቡ ቁጥር የአንዷ ቦይለር ለሌላዋ እየተሰጠ ነው የኖሩት። ከ1923ቱ ብረት የቀረው ስንት ነው? እሷ እውነተኛ፣ ይቺ ፎርጅድ የምትሆነው በምን ሚዛን ነው?"

ይህ ጥያቄ እንግዲህ የቆየ ነው። ግሪኮች ስለ ቴሴዎስ መርከብ ጠይቀውታል፤ ሳንቃው አንድ በአንድ እየተለወጠ አልቆ የድሮው ሳንቃ ባይቀር፣ መርከቡ ያው መርከብ ነው ወይ? እኔ ግን ግሪክ ድረስ መሄድ አያስፈልገኝም። የአያቴ የሚካኤል ማኅበር አለልኝ። አሥራ ሁለት ሆነው የጀመሩት ሰዎች ዛሬ አንድም በሕይወት የለም። አንዱ ሲሞት ልጁ ገባ፤ ልጁ ሲሞት የልጅ ልጁ። ጽዋው ራሱ ተሰብሮ ተለውጧል። በየወሩ በአሥራ ሁለት "የማን ማኅበር ነው?" ብትሉ ግን ሁሉም "የነእማሆይ ማኅበር" ነው የሚሏችሁ። ማኅበሩን ማኅበር ያደረገው የሰዎቹ ሥጋ አይደለም፤ ተራው ነው። የሚቀጥለው ሰው የሚቀጥለውን ተራ መውሰዱ ነው።

የአክስቴ ልጅ አልተዋጠላትም። "ማኅበሩ እኮ ተቋርጦ አያውቅም" አለች። "አንዱ ሲሞት ሌላው ነበረ። ይቺ ባቡር ግን በመሃል አርባ ሁለት ዓመት የለችም። መቃብር ውስጥ አርባ ሁለት ዓመት ቆይቶ የሚቀጥል ማኅበር የለም።" እውነት አላት። ዝም አልኩ። ከኋላ የተቀመጠችው ልጅ የጆሮ ማዳመጫዋን አውልቃ፣ "ፎርጅድ ከሆነች ሰውየው ለምን አለቀሰ?" አለችን። ለዚህም ሁለታችንም መልስ አልነበረንም።

ማታ ተኝቼ ሳስበው የቆየሁት ግን አንድ ነገር ነው፤ ቁጥሯ። የድሮዎቹ 49 ሎኮሞቲቮች ከ60114 እስከ 60162 ነበር የሚቆጠሩት። ቶርኔዶ 60163 ናት። እነዚያ ሰዎች ከሞቱት የአንዷን ቁጥር ወስደው ደረቷ ላይ ቢለጥፉ ማን ይከለክላቸዋል? የዝነኛይቱን ስም ሰጥተው "ሴንት ሙንጎ ተነሳች!" ቢሉ ቲኬቱ ይበልጥ ይሸጥ ነበር። አላደረጉትም። የሚቀጥለውን ቁጥር ሰጧት። "49ኙ ሞተዋል፤ ይቺ ሃምሳኛዋ ናት" አሉ። ለእኔ ፎርጅድንና እውነተኛን የሚለየው መስመር እዚህ ላይ ነው። ፎርጅድ ማለት የሌላውን ስም ይዞ የሚመጣ ነው። የራሱን ቁጥር ይዞ የሚመጣማ ዘመድ ነው።

ለምን በቁጥሩ እንቅልፍ እንዳጣሁ ልንገራችሁ።

እኔ ስሜ ምትኩ ነው። ይህን ታውቃላችሁ፤ ለምን ምትኩ እንደተባልኩ ግን ነግሬያችሁ አላውቅም። ከእኔ በፊት ወንድ ልጅ ነበር። በአራት ዓመቱ ሦስት ቀን አተኩሶት ሞተ። እኔ የተወለድኩት በዓመቱ ነው። አገራችን ለዚህ ስም ሞልቷታል። ምትኩ፣ ተካ፣ ተካልኝ፣ ካሳ፣ ካሳሁን፣ ማስረሻ፣ መታሰቢያ … ስትሰሟቸው አንድ ዓይነት ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። "ካሳ" ማለት ዕዳ ተከፈለ ማለት ነው፤ የተወሰደብኝ ተመለሰልኝ። "ማስረሻ" ማለት የሄደውን አስረሳኝ፣ አታንሱብኝ። "መታሰቢያ" ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ይህን ልጅ ባየሁ ቁጥር ያን አስባለሁ። ወላጆች ሐዘናቸውን ምን ሊያደርጉት እንዳሰቡ ልጃቸው ላይ ይጽፉታል። ልጁ ደግሞ ዕድሜ ልኩን ጽሑፉን ተሸክሞ ይዞራል።

እኔ የተኛሁት በእሱ አልጋ ነው። የተጫወትኩት አባባ ለእሱ ከብረት ቀርጾ በሰራው ባቡር ነው። አምስት ዓመት ሲሞላኝ አዲስ ጫማ ተገዛልኝ። እናቴ ተንበርክካ ክሩን ስታስርልኝ ድንገት እግሬን ይዛ ማልቀስ ጀመረች። ያኔ አልገባኝም፤ ጫማው የጠበበኝ መስሏት ነው ያልኩት። በኋላ ነው የተረዳሁት። ወንድሜ ያን ቁጥር ጫማ አድርጎ አያውቅም። እስከዚያ ቀን ድረስ የእሱን ስለብስ፣ የእሱን ስጫማ ነው የኖርኩት። ከዚያ ቁጥር በኋላ ያለው ግን የእኔ ነው። እናቴ ያለቀሰችው እኔ እሱ እንዳልሆንኩ ያን ቀን ስላየች ይመስለኛል። እኔም ከዚያ በኋላ ነው ልጅ የሆንኩት።

እንግዲህ የጠፋውን እንደገና የመሥራት ነገር ጥሩ ነው መጥፎ ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ መልሴ የሚጀምረው ከዚህ ጫማ ነው። መጥፎነት የሚመጣው ምትኩ የራሱ ቁጥር ሲከለከል ነው።

ይህን የሚያስረዳ ሌላ ታሪክ እዚያው እንግሊዝ አለ። "ሴንት" የሚባል የሎኮሞቲቭ ዓይነት ነበር፤ ቁጥራቸው 77። የመጨረሻዋ በ1953 ከሥራ ወጣች፤ ከእነሱም አንዲት አልተረፈችም። ዲድኮት የሚገኘው የባቡር ወዳጆች ማኅበር ከዚህ ዘር አንዲት እንደገና ሠርቶ በ2019 አስመረቀ፤ "ሌዲ ኦቭ ሌጀንድ" ብለው ሰየሟት። ከባዶ ግን አልተነሱም። ከዚያ ከባሪ ውዳቂ የወጣች "ሜይንዲ ሆል" የምትባል እውነተኛ ሎኮሞቲቭ ነበረቻቸው። እሷን ለውጠው ነው ሌላዋን ያደረጓት። እንዲሁም "ዊሊንግተን ሆል" የምትባል ሌላ ከመቆረጥ የተረፈች ነበረች፤ እሷም ተከፋፍላ ቦይለሯ ለአንዲት የጠፋች ዓይነት፣ አካሏ ለሌላ የጠፋች ዓይነት መሥሪያ ተሰጠ።

ምን ትላላችሁ? የሠሩት ሰዎች ምክንያት አላቸው፤ ንቄ የማልፈው ምክንያትም አይደለም። የ"ሆል" ዓይነቶች ሌሎች እህቶች ተርፈውላቸዋል፤ እነዚህ ሁለቱ ደግሞ የዛገ ቀፎ ነበሩ። ማንም ሊያስነሳቸው ገንዘብ አላወጣም። "ከሚበዛው ወስደን የሌለውን ብንሞላ ምን ጠፋ?" ነው የሚሉት። በሒሳብ ልክ ነው። እኔ ግን የሜይንዲ ሆል ነገር ሆዴን ይበላዋል። ከሞት ተርፋ፣ ዓመታት በጨው ንፋስ ቆማ፣ በመጨረሻ የዳነችው ሌላ እንድትሆን ነው። ለሞተው ብሎ ያለውን ማጥፋት ይሉታል ይህን። የሟች ወንድሙን ስም ተሰጥቶት፣ በእሱ ልደት ቀን ሻማ እየተለኮሰለት ያደገ ልጅ አውቃለሁ፤ ዛሬም ሽማግሌ ሆኖ ልደትህ መቼ ነው ስትሉት ቆም ብሎ ያስባል።

ሦስተኛም ዓይነት አለ። ቶርኔዶን የሠሩት ሰዎች ሁለተኛ ሎኮሞቲቭ ጀምረዋል፤ "ፒ2" ይባላል። ጥንት በ1930ዎቹ ስድስት ብቻ ነበር የተሠሩት፤ በሰር ናይጄል ግሬዝሊ ንድፍ። ጉልበታቸው ለጉድ ነበር፤ ግን ችግር ነበረባቸው፤ በጦርነቱ ጊዜ ሌላ ሰው አፈራርሶ ወደ ሌላ ዓይነት ለወጣቸው። የዛሬዎቹ ሰዎች ንድፉን ኮምፒዩተር ውስጥ ከተው ጉድለቱን እየፈለጉ ያርማሉ። "ግሬዝሊ ጊዜ ቢያገኝ ኖሮ የሚያደርገውን ነው የምናደርግለት" ባዮች ናቸው። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ቀጥሎ ፈራሁ። አባቴን መልሳችሁ ስጡኝ ብል፣ ቁጣውን አውጥታችሁ፣ ሲጋራውን አስትታችሁ፣ ጆሮውን አሽላችሁ ብታመጡልኝ አባቴ ነው? ባቡር ግን አባት አይደለም። ሰው ይጭናል። ስብራቱ የታወቀን ነገር "የጥንቱ ይህ ነው" ብሎ ከነስብራቱ ሰው ማሳፈር ቅርስ ማክበር ሳይሆን ኃጢአት ነው። ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፤ ማረም ይፈቀዳል፣ ታርሞ እንዳልታረመ ማስመሰል ግን አይፈቀድም።

አሁን "አንተ ሰውዬ፣ ስንት የሚበላ ያጣ ባለበት ዓለም ለጭስ ባቡር ሦስት ሚሊዮን ፓውንድ!" የሚለኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ያስቀየመኛል ብላችሁ እንዳትሰጉ፤ እኔም ብዬዋለሁ። ናፍቆት ደግሞ ውሸታም ነው። በእንፋሎት ዘመን አንድ እሳት አንዳጅ በአንድ ጉዞ ቶን በቶን ከሰል ሲያካፋ ነው የሚውለው። ፊቱ ይለበለባል፣ ሳንባው ይጠቁራል። ጣቢያ ላይ ቆሞ የሚያለቅስ የለም ያኔ፤ ሁሉም ልብሴ ጠቆረ ብሎ ነው የሚያማርረው። ያን ሁሉ ረስቶ "ደጉ ዘመን" ማለት ለእሳት አንዳጁ ደግ አይደለም።

ቢሆንም አንድ ነገር ሐሳቤን አስቀየረኝ። የቶርኔዶን ቦይለር የሠራላት ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ጀርመኖች ናቸው። የምሥራቅ ጀርመን ባቡር እንፋሎትን ቶሎ ስላልተወ፣ ማይኒንገን በምትባል ከተማ ያለው ጥገና ክፍል ሙያውን ሳይረሳ ቆየ። የእንፋሎት ባቡርን ለዓለም ያስተማረች እንግሊዝ ታዲያ ለአንዲት ሎኮሞቲቭ ቦይለር ባሕር ተሻግራ ሄደች። ብረቱ አልጠፋም፤ ወረቀቱም አልጠፋም፤ የጠፋው እጁ ነው። ያ የሳምንት የቢራ ገንዘብ የገዛው ጭስ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ወጣቶች ዘይት ነክተው ከሽማግሌ ሙያ የሚማሩበትን ቦታም ገዝቷል። በንድፍ ላይ የተጻፈ ነገር ሁሉ አይሠራም። "እዚህ ጋ ትንሽ ላላ አድርገው፣ ሲሞቅ ይሞላል" የሚለው ነገር የትም አልተጻፈም፤ ሰው ላይ ነው ያለው።

ይህን ሳስብ ነው አገሬ የመጣችብኝ።

የእኛ ሀዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ፤ ከጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር። ድሬዳዋ የባቡሩ ልጅ ናት፤ ባቡሩ ባይመጣ ከተማዋ አትኖርም። አባባ ተለማማጅ ሆኖ አቴልየ ሲገባ የእንፋሎቶቹ የመጨረሻ ዘመን ነበር፤ ወዲያው ናፍጣው መጣ። ዕድሜ ልኩን ግን ስለ እንፋሎቶቹ ሲያወራ ስለ ሰው እንደሚያወራ ነበር፤ "ያቺ ተንኮለኛ ናት፣ ዳገት ላይ ታኮርፋለች" ይላል። ከዚያ መስመሩ እየደከመ፣ እየተቆራረጠ ሄዶ ቆመ። በ2016 ደግሞ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ፤ ሀዲዱም ጣቢያውም ሌላ። ያስፈልገን ነበር፤ አልቃወምም። የድሮው በአንድ ሜትር ስፋት ሀዲድ ላይ የሚንፏቀቅ ባቡር የዛሬን ጭነት አይችልም። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ እንሥራ የሚል ሐሳብም የለኝም፤ መጀመሪያ የሚሠራ ብዙ አለ። ግን አዲሱን ባቡር ምን ብለን ሰየምነው? ካሳ? መታሰቢያ? እኔ እንደማየው "ማስረሻ" ነው ያልነው።

ሌላ መንገድ እንዳለ ጎረቤታችን አሳይታለች። ከምጽዋ አስመራ የሚወጣው ሀዲድ በጦርነቱ ዘመን ተነቃቅሎ የምሽግ መሥሪያ ሆኖ ነበር። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ኤርትራውያን ሀዲዱን ከየምሽጉ አውጥተው፣ በጡረታ የተሰናበቱትን የባቡር ሰዎች ከየቤታቸው ጠርተው፣ አሮጌዎቹን የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች እንዲያስነሱ አደረጉ። በ2003 ባቡሩ ያን ገደል ወጥቶ አስመራ ገባ። ባቡሩ ያተርፋል አያተርፍም ሌላ ጉዳይ ነው። እኔን የነካኝ ሽማግሌዎቹ መጠራታቸው ነው። "የምታውቀው ነገር ያስፈልገናል፣ ና" የሚል ሰው በራቸውን አንኳኳ።

የአባባን በር ማንም አላንኳኳም። መንግሥትን ልወቅስ ብዬ እንዳይመስላችሁ። እኔም አላንኳኳሁም።

አባባ ደብተር ነበረው፤ አንድ ሳይሆን ወደ አሥር የሚጠጉ። የየዕቃው ልክ፣ የየሎኮሞቲቩ ጠባይ፣ በግማሽ ፈረንሣይኛ በግማሽ አማርኛ፣ በእርሳስ ሥዕል ጭምር። ሲሞት ቤቱን ያጸዳሁት እኔ ነኝ። ቸኩዬ ነበር፤ በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ መመለስ ነበረብኝ። ቆራሌው በር ላይ ሲጮህ ጠራሁት። ከተሰባበረው ወንበር፣ ከጎደለው ድስት ጋር ደብተሮቹንም ሰጠሁት። በኪሎ ነው የመዘናቸው። ስንት እንደከፈለኝ እንኳ አላስታውስም። ዮርክ ላይ ያ ሽማግሌ "ንድፎቹ ሙዚየም ውስጥ ነበሩ" ብለው ሲነግሩኝ ፊቴን ያዞርኩት ለዚህ ነው። 49 ሎኮሞቲቭ ቆራርጠው እንኳ ወረቀቱን ያስቀመጠ አንድ ሰው ነበራቸው። እኛ ቤት ደግሞ ቆራጩ እኔ ሆንኩ።

ከአባባ የቀረኝ በአፍ የነገረኝ ብቻ ነው። ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት "ምትክ ዕቃ!" እያሉ ሰድበውኝ እያለቀስኩ አቴልየ ድረስ ሄጄበታለሁ። ቶርኖውን አቆመና መደርደሪያው ላይ ከተደረደሩት ብረቶች አንዱን አንስቶ እጄ ላይ አስቀመጠው። "ይህ ምትክ ዕቃ ነው" አለኝ። "መደርደሪያ ላይ እስካለ ድረስ ምትክ ነው። ገብቶ ከዞረ ግን ማንም ምትክ አይለውም፤ ባቡሩ እሱ ነው።" ከዚያ ተመልሶ ሥራውን ቀጠለ። አባባ ብዙ አያወራም ነበር።

እናቴ ከእሱ በኋላ ስድስት ዓመት ኖረች። በመጨረሻዎቹ ወራት ነገር ይጠፋባት ጀመር። አንድ ማታ አጠገቧ ተቀምጬ ሳለ ዓይኗን ገልጣ በወንድሜ ስም ጠራችኝ። በሕይወቴ ሙሉ ስፈራው የኖርኩት ነገር ነበር። ማረም ይገባኝ ነበር? "እሱ አይደለሁም፣ ምትኩ ነኝ" ልበላት? ከላይ ፎርጅድ ማለት የሌላውን ስም ይዞ የሚመጣ ነው ብዬ ጽፌያለሁ፤ አልሽርም። ግን ያን ማታ ለእሱ የሚመልስለት ሌላ ሰው አልነበረም።

"አቤት እማዬ" አልኳት።

"መጣህ?"

"መጣሁ።"

እጄን ይዛ ተኛች። በማግስቱ ጠዋት ነቅታ ረጅም ጊዜ አየችኝና፣ "ምትኩ፣ ሻይ አፍላልኝ" አለችኝ። ለዚያም አቤት አልኩ።